ቴክሳስ ሳትገነጠል የተሰደደ ሰው

አሻግሬን ዳላስ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ሁሉ «ያ ኦክላሆማ የገባው» ይለዋል። በስሙ ብትጠይቁ ብዙው ሰው አያውቀውም፤ ኦክላሆማ ካላችሁ ግን ከቪከሪ ሜዶ እስከ ዋይሊ የማይስቅ ሐበሻ የለም። እኔም ስቄያለሁ። እንዲያውም ከማንም በላይ የመሳቅ መብት ያለኝ እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት አንድ አፓርታማ ውስጥ አብሬው ኖሬያለሁ፤ የተሰደደ ዕለትም ፍራሹን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስሬ የቴክሳስን ድንበር ያሻገርኩት እኔ ዩኑስ ነኝ። ግን ሰው ሲያወራው ግማሹን ብቻ ስለሚያወራው ያናድደኛል። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ።

አሻግሬ የተወለደው አስመራ ነው። አባቱ ከወሎ ሄዶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ልጆቹ ትግርኛ እየተናገሩ አደጉ፤ ታላቋ ዓለምጌጥ ያገሩን ሰው አገባች፤ አሻግሬ የከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ሆነ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1983 ላይ፣ መንግሥት ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ እናቱ እማማ እናትነሽ «ይህ አገር መለየቱ አይቀርም» እያሉ ዕቃ መሸከፍ ጀመሩ። አሻግሬ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ጋዜጣ የሚያነብ፣ በእናቱ ፍርሃት የሚስቅ። «እማዬ፣ ወሬ ነው። ትንሽ እንይ» ብሎ የተሸከፈውን አንሶላ ፈትቶ መልሶ አልጋው ላይ አነጠፈው። ሰኔ ላይ እናትና ልጅ አንድ ሻንጣ ይዘው፣ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ደሴ ሄዱ። አባትየው ቀድሞ ሞቶ ነበር። ዓለምጌጥ ባልዋ ዘንድ ቀረች፤ አንሶላውም አልጋው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አሻግሬ ፊት «ወሬ ነው» የሚባል ነገር አይነገርም። ማንም ምንም ቢል ያምናል። ዳላስ ውስጥ በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ይሞከራል፤ ለሙከራ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። አሻግሬም ያውቃል። ቤት ከዋለ ግን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። «ሙከራ ነው ብለው በዚያው ቀን ቢመጣስ?» ይለኛል፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ።

አስመራን በለቀቁ በሰባተኛው ዓመት በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሳ፤ ድንበሩ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ደሴ ያሉት እናትና አስመራ ያለችው ልጅ እንኳን ሊተያዩ፣ ድምፅ ለድምፅም መሰማማት አልቻሉም። አሻግሬ ዲቪ ደርሶት እዚህ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር 2003 መጨረሻ ነው። እንደመጣ መጀመሪያ የገዛው ዕቃ ስልክ ነው። ከአሜሪካ ወደ ሁለቱም መደወል ይቻላል። እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጀመሪያ ደሴ ይደውላል፤ እናቱ ሲያነሱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያቆያቸዋል፤ ቀጥሎ አስመራ ይደውላል፤ እህቱ ስታነሳ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ይጫንና ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በመኪና ቢኬድ በሁለት ቀን የሚደረስበት ቦታ በቴክሳስ በኩል ዞሮ ይገናኛል። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁርሱን ይበላል። እናትና ልጅ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለሞቱና ስለተዳሩ ሰዎች ያወራሉ። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ከጊዜ በኋላ እማማ እናትነሽ «ዩኑስ አለ?» ብለው እኔንም ሰላም ይሉኝ ጀመር።

አንድ እሑድ፣ ዓለምጌጥ ከዘጋች በኋላ፣ እማማ ልጃቸውን እንዲህ አሉት፦ «ስልክ ሁሉንም ሰው ጤነኛ ያደርጋል። እሷም ደህና ነኝ ትላለች፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። ባልዋ ከሞተ ወዲህ እንዴት እንደሆነች ማን ያውቃል? ሄደህ በዓይንህ እያት። ከዚያ እዚህ መጥተህ ያየኸውን ንገረኝ። እኔ ጊዜ የለኝም።»

በኢትዮጵያ ፓስፖርት አስመራ መግባት የማይታሰብ ነበር። በአሜሪካ ፓስፖርት ግን አስመራም ደሴም ይገባል። አሻግሬ የአሜሪካ ዜግነት የፈለገው ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ለሥራ፣ ሚስት ለማምጣት፣ ድምፅ ለመስጠት ይላል። እሱ የፈለገው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም በር ማንኳኳት የሚችል አንድ ሰው ለመሆን ነው። አምስት ዓመቱ እንደሞላ በ2009 መጀመሪያ ላይ ማመልከቻውን አስገባ፤ አሻራ ሰጠ፤ ኤፕሪል ላይ «ጁን አጋማሽ ዳላስ ለኢንተርቪው ቅረብ» የሚል ደብዳቤ መጣለት። መቶውን የፈተና ጥያቄ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እኔ ጥርሴን ስቦርሽ ሳላስበው የመጀመሪያዎቹን ፕሬዚዳንቶች ሸመደድኩ።

በዚያው ኤፕሪል ነው እንግዲህ ቴክሳስ ያኮረፈችው። ሰዉ ታክስ በዛብን ብሎ አደባባይ ወጣ። የቴክሳሱ ገዥም ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ እንወጣለን አላለም፣ አንወጣም ብሎም አፉን ሞልቶ አልዘጋውም፤ ሕዝቡ ከመረረው ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል የሚል ነገር ተናገረ። በማግስቱ ሬዲዮኑ ሁሉ ስለ መገንጠል ሆነ። አንዱ ደውሎ እንውጣ ይላል፤ ሌላው ደውሎ ይሰድበዋል።

የጦፈው ክርክር ግን የሬዲዮኑ አልነበረም። ኤርፖርቱ ጀርባ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት አስፋልት አለ፤ እኛ ሜዳው እንለዋለን። ተራችን እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ሰዓት እዚያ ነው የምንውለው። ያን ሰሞን ሜዳው ለሁለት ተከፈለ። የእንውጣ ባዮቹ መሪ ክፍሉ ነበር፤ ግሪን ካርዱ ገና ያልደረቀ፣ ድምፁ ግን ከአውሮፕላኑ በላይ የሚሰማ የአዲስ አበባ ልጅ።

«ቀድሞም የራሷ አገር ነበረች! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!» ይላል ክፍሉ፣ የመኪናውን ኮፈን እየደበደበ። «ዘይቱ የኛ፣ ኤርፖርቱ የኛ፣ መብራቱ ሳይቀር ለብቻው ነው፣ ከነሱ ጋር ኮኔክት አላደረግንም። ሶ ዋሽንግተን ምን ያደርግልናል?»

«ሚሊታሪውስ? ሶሻል ሴኩሪቲውስ? ዶላሩን ማን ሊያትምልህ ነው?» ይጮኻሉ ከወዲያ።

«እናትማለና!» ይላል ክፍሉ።

ሁለት የዴንተን ልጆች በዚህ ጉዳይ ሰላምታ አቆሙ። አንዱ ሽማግሌ «አንድነት ወይም ሞት» ብለው የሚበሉትን ሳንድዊች ወረወሩ። እኔ ዞር ዞር ብዬ ብቆጥር በዚያ ሜዳ ላይ ስለ ቴክሳስ ድምፅ መስጠት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሳንድዊች የሚሸጥልን ሜክሲኳዊ ነው፤ ምን እንደሚያጣላን እንኳን አላወቀም።

አሻግሬ ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ከርሞ አንድ ቀን እጁን አወጣ። እውነቴን ነው፣ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ማለቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ጁን ላይ የምምለው ለማን ነው? ለአሜሪካ ምዬ ስወጣ ቴክሳስ ሌላ አገር ሆና ብትጠብቀኝስ? ፓስፖርቴን ማን ነው የሚሰጠኝ?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እንውጣ ባዩም እንቅር ባዩም አንድ ላይ ሳቀ፤ ከሳምንት ወዲህ የተስማሙት ያኔ ብቻ ነው።

«እሱ ቀላል ነው» አለ ክፍሉ እንባውን እየጠረገ። «ኦክላሆማ ሙቭ አድርግ። ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እዚያ ሆነህ ማል!»

ሁሉም ደግሞ ሳቀ። አሻግሬ አልሳቀም። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና እጁ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ነገሩን የቆረጠለት ግን አንድ ተሳፋሪ ነው። ከፎርት ዎርዝ የጫነው ቡትስ ያደረገ ባለባርኔጣ ነበር። አሻግሬ በጨዋነት «ሰር፣ ቴክሳስ በእውነት ትወጣለች?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም «ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ ወንድሜ። በቅቶናል» አለው፤ ሲወርድም ጥሩ ጉርሻ ሰጠው። የሚሄደው ዋሽንግተን ነበር፤ ለፌዴራል መንግሥት የቢሮ ዕቃ ለመሸጥ። ይህን አሻግሬ ራሱ ነው የነገረኝ፤ የሚያስቀው ነገር ግን አልታየውም። እሱ የሰማው «ዛሬ ካልሆነ ነገ» የሚለውን ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ካርታ ያያል።

«ዱራንት የሚባል ከተማ አለ» አለኝ። «ድንበሩን አለፍ እንዳልክ። ቤት ርካሽ ነው።»

«አሹ፣ አብደሃል? ኢንተርቪውህ እኮ ሁለት ወር አይሞላውም። እሱን ጨርስና ከፈለግህ አላስካ ሂድ!»

«ትንሽ እንይ ያልኩት ያኔም እኔ ነበርኩ፣ ዩኒ።»

«ይሄ እኮ ወሬ ነው!» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። አሻግሬ ተነስቶ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ወደ ኩሽና ሄድኩ፤ እስከ ዛሬ ያንን ቃል ባልተናገርኩ እላለሁ።

ሜይ መጀመሪያ ላይ ፍራሹን ጭነን በሰባ አምስት ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ነዳን። ሬድ ሪቨር የሚሉትን ወንዝ ስንሻገር አሻግሬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ አየ። ወንዝ ልበለው እንጂ ቀይ አሸዋ ላይ የፈሰሰ ቀጭን ውኃ ነው። ቤት አከራዩ ቱታ የለበሱ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ «ከዳላስ ወደዚህ ምን አመጣህ?» ብለው ጠየቁት። አሻግሬ ደግሞ መዋሸት አያውቅም፤ ነገራቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ቴክሳስ ከወጣችማ» አሉ፣ «እኛ ምን ቀረን ብለን እንቀራለን? ተከትለናት ነው የምንወጣው።»

አሻግሬ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ፍራሹን አነሳሁ።

ኦክላሆማ መግባቱ ብቻውን የሚያስቅ ስህተት ሆኖ በቀረ ነበር። ትልቁ ስህተት ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ አድራሻህን ከቀየርህ በአሥር ቀን ውስጥ አሳውቅ ይላል። «ፖስታህ እኔ ጋ ይምጣ፣ ከኢንተርቪው በኋላ ትሞላዋለህ» ብዬ ለመንኩት።

«ለመንግሥት ዋሽቼ ነው ዜጋ የምሆነው?» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ሞልቶ ላከ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደብዳቤ መጣ፤ አድራሻው ኦክላሆማ ስለሆነ የጁኑ ኢንተርቪው ተሰርዟል፣ ፋይሉም ወደ ኦክላሆማ ሲቲ እየተዛወረ ነው ይላል። ጁን አለፈ። ጁላይ አለፈ። በደወለ ቁጥር ፋይልህ በዝውውር ላይ ነው ይሉታል። ከዳላስ ኦክላሆማ ሲቲ ሰው በእግሩ ቢሄድ ይደርስ ነበር፤ ፋይሉ ግን አልደረሰም። አሻግሬ በዚያ ሁሉ ሙቀት በየቀኑ ሰዓት ተኩል ነድቶ ወደ ኤርፖርት ይመጣል፣ ሰዓት ተኩል ነድቶ ይመለሳል። የሚሠራው ቴክሳስ፣ የሚተኛው አሜሪካ ነው እያለ ክፍሉ ያሾፍበታል።

እሑድ እሑድ ስልኩ አልቀረም። ቅዳሜ ማታ እኔ ጋ አድሮ ጠዋት ሁለቱን ያገናኛቸዋል። እማማ «ፓስፖርቱስ?» ይላሉ። «ሊደርስ ነው እማዬ፣ በዚህ ወር» ይላል። አንድ ጊዜ «ያ የምትኖርበት አገር ተለየ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። «አልተለየም» አላቸው። «ተመስገን። ግን ተጠንቀቅ» አሉት። በዓለም ላይ ያን ሽሽቱን የተረዱለት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መኸሩ ሲገባ ሜዳው ቴክሳስን ረስቶ ስለ እግር ኳስ ይጨቃጨቅ ጀመር። ሰላምታ ያቆሙት የዴንተን ልጆች አንድ መኪና በፈረቃ መንዳት ጀመሩ። ክፍሉም ዋይሊ ላይ አዲስ ቤት ገዛ፤ ያውም ዋሽንግተን ለመጀመሪያ ቤት ገዢ በሚሰጠው ድጎማ። የቤት ምረቃው ላይ «ዋሽንግተን ምን ያደርግልናል» ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሲሰጡህማ ትቀበላለህ» አለኝ፤ አላፈረም።

ኦክቶበር ውስጥ አንድ ሐሙስ ከደሴ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ እማማን የምታስታምማቸው የአሻግሬ የአክስት ልጅ ውባለም ነበረች። ለሱ ሳይሆን ለኔ የደወለችው ለምን እንደሆነ ድምፅዋን ስሰማ አወቅሁ። እኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ፊት ለፊት ነው የሚረዳው። ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆኔ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳው ላይ አጠገቡ ቆሜ፣ አሳቄው፣ ምሳ አብሬው በልቼ ደበቅሁት። ፋይሉ ተገኝቷል፣ ኖቬምበር ላይ ኢንተርቪው አለኝ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እኔ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። እንደዚያ ሰዓት ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሰባት ሆነን በሦስት መኪና ዱራንት ደረስን። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ክፍሉም አለበት። ቄሱ በጥምጥማቸው፣ እኛ በጥቁር ካፖርት፣ ዝም ብለን በሩ ላይ ተሰለፍን። የጎረቤት አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው በር ከፍተው አዩንና «ሃይማኖት ለመስበክ ከሆነ እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» አሉን። ክፍሉ፣ ያ ባለ ትልቅ ድምፅ፣ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቃቸው። አሻግሬ በሩን ሲከፍት በካናቴራ ነበር። ሰባታችንንም በየተራ አየን።

«እማዬ ናት?» አለ።

ማርዳት የሚባለው ያ ነው፤ መናገር እንኳን አላስፈለገም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሳቸውም ለሱም፣ በዚያ በጁኑ ኢንተርቪው ሊያልቅ ይችል ለነበረው ነገርም። አሮጊቷ የሆነው ሲገባቸው ገብተው በትሪ መኮሮኒ ይዘው መጡ፤ ከመካከላችን ተቀምጠውም አብረውን አነቡ።

ለቅሶውን ዳላስ፣ እኔ ቤት ነው የተቀመጥነው። ሦስት ቀን ሰው ሲጎርፍ ዋለ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አሻግሬ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አድራሻዬን ባልቀይር ኖሮ ኦገስት ላይ አስመራ ነበርኩ። ሴፕቴምበር ላይ እማዬ ጋ ነበርኩ።» አላጽናናሁትም፤ እውነቱን ነው።

አሁን ደግሞ ዓለምጌጥ ነበረች። ከደሴ ወደ አስመራ ስልክ የለም፤ ስለዚህ እህትየው ምንም አልሰማችም። መርዶውን የሚያደርስ አንድ መንገድ ብቻ አለ፣ የአሻግሬ ስልክ።

«አስመራ የምታውቀው ሰው ካለ ንገርና እነሱ ያርዷት» አልኩት።

«የማረዳት እኔ ነኝ። ያስረፈድኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ሄጄ ዓይኗን እያየሁ ነው የምነግራት።»

«እስከዚያ ምን ልትላት ነው?»

እንግዲህ በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ አድራሻ መደበቅ ያቃተው ሰው፣ በየእሑዱ መዋሸት ጀመረ። ዓለምጌጥ ታነሳና «እማዬን አገናኘኝ» ትላለች። መጀመሪያ ደሴ ኔትዎርክ የለም አላት። ቀጥሎ እማማ ጥርሳቸውን ተነቅለው ማውራት አይችሉም። ቀጥሎ ጸበል ሄደዋል። ቀጥሎ ኮምቦልቻ ለሠርግ። እማማ እናትነሽ በሕይወት ሳሉ ከግቢያቸው ከወጡ ዓመታት አልፏቸው ነበር፤ በአሻግሬ ውሸት ግን ወሎን አዳረሱት። ዓለምጌጥ ሁሉንም ታምነዋለች። «ጸበሉ ተስማማት?» ትላለች። «ሠርጉ ደህና ነበር?» ትላለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ፓስፖርቱስ ደረሰ?» ብላ ትዘጋለች። እሱ ስልኩን ያስቀምጣል። ቁርስ የሚባል ነገር እሑድ ቀን ከቤታችን ቀረ። አሥራ ሁለት እሑድ እንደዚህ አለፈ።

ኖቬምበር ላይ ኢንተርቪው ቀረበ። ፈታኟ ፋይሉን አገላብጣ «ለምንድን ነው ከቴክሳስ የለቀቅኸው?» አለችው። ነገራት። መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች አለኝ፤ ከዚያ አብርሃም ሊንከን ምን አደረገ ብላ ጠየቀችው። «አገሪቷ እንዳትለያይ አደረገ» አላት፤ አለፈ። ዲሴምበር ላይ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ማለ። ከሥነ ሥርዓቱ ሲወጣ ትንሽ ባንዲራ ሰጥተውት ነበር፤ መኪናው ወንበር ላይ ጥሎት ለፓስፖርት ለማመልከት ወደ ፖስታ ቤት ሄደ።

ጃንዋሪ ላይ ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ሰው ሊያረዳ እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ደግሞ ላመጣው ሄድኩ። ሻንጣውን ጭነን ከኤርፖርቱ ወጣን። ሜዳው አጠገብ ስንደርስ «እዚህ ፓርክ አድርግ» አለኝ። አቆምኩ። ታክሲዎቹ ተራ ይዘው ተደርድረዋል።

«አስመራ እንደደረስኩ እሷ ጋ አልሄድኩም» አለ። «ማረፊያ ያዝኩ። በሰፈሯ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ። ለመርዶ ነው፣ ብቻዬን አልችልም አልኳቸው። የማንን አሉኝ። ነገርኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ እሺ፣ ነገ በማለዳ እንሄዳለን አሉኝ። ሄድን። በሩን ሳንኳኳ ወዲያው ከፈተችው። ጥቁር ለብሳለች። ወንበር ደርድራለች።»

«አውቃለች?»

«ኦክቶበር ላይ አውቃለች፣ ዩኒ። እኛ ቤት ለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ የሷ ጎረቤት ልጅ ናት፤ በዚያው ሳምንት አስመራ ለእናቷ ደውላ ነግራለች። ያረዷት ሽማግሌዎች እነዚያው እኔ የለመንኳቸው ናቸው። አርባውን አውጥታለች።»

ጸበሉንና ሠርጉን፣ «ተስማማት?» ያለችበትን ድምፅ አስታወስኩ።

«ታዲያ አሥራ ሁለት እሑድ እማዬን አገናኘኝ የምትይኝ ለምንድን ነው አልኳት» አለ አሻግሬ። «ምን አለችኝ መሰለህ? ማወቄን ብነግርህ እዚያው በስልክ አልቅሰህ ሳትመጣ ትቀር ነበር አለችኝ።»

ከፊታችን አንድ ታክሲ ተራው ደርሶ ወጣ። እህትህ ተሳስታለች፣ ብትነግርህም ትሄድ ነበር ልለው ፈለግሁ። አራት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሰው ነኝና አልቻልኩም።